የውሃ ዋስ

ድሬዳዋ በዚያ ዘመን በቀን ብዙ ጊዜ የምትቆም ከተማ ነበረች። መቆም ሲባል የምር መቆም ነው። አንዱ የሆነ ቦታ «በሕግ አምላክ» ብሎ ይጣራል። በየማዕዘኑ ምሰሶ ላይ የተተከለው የማሽን ጆሮ ይሰማዋል። ድምፁ ካልተንቀጠቀጠ ጆሮው አረንጓዴ ያበራል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ በደረሰበት ሁሉ ሞተር የተባለ ነገር ትንፋሹን ይውጣል። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ፣ ማራገቢያው ጣራው ላይ፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ጸጥ። ሰውም ከሞተሩ ለምዶ አብሮ መቆም ጀመረ። ሳምቡሳ ወደ አፉ ያስጠጋው አፉን እንደከፈተ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገት ላይ እንዳሳረፈ ይጠብቃል። ያስቆመው ሰው በዚያው ድምፅ «ፈታሁ» ሲል ሳምቡሳዋ መንገዷን ትቀጥላለች።

አንዲት የከዚራ ሰፈር ሙሽራ አንድ እግሯን ከመኪና እንዳወጣች ቆማ ቀረችና፣ እስክትፈታ ድረስ ሙሽራው ሚዜዋን አግብቶ ሁለት ልጅ ወለደ ይባላል። ይህን የሚያወራው ጃፈር ቆርጦ ቀጥል ስለሆነ ግማሹን መቀነስ ይበጃል። ድሬ ላይ ግን የጃፈር ግማሽ ውሸት ከሌላው ሰው ሙሉ እውነት ይጣፍጣል።

ጃፈር ጣራ ቀቢ ነው። ፀሐይዋ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ስለሄደች ቆርቆሮ ነጭ ካልተቀባ ከስሩ ያለው ሰው እንደ ድንች ይቀቀላል። ስለዚህ ጃፈር ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ ከጣራ ጣራ ሲዘል ይውላል። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተዋል፤ እሱ እንደሚለው ይቅርታ የጠየቀው ትምህርቱ ነው።

አላህ ለጃፈር የሰጠው አንድ ነገር ነበር፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ መዋሸት። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ስጦታ አልነበረም። ጆሮው የሰው ቃል እውነት ይሁን ውሸት አይጠይቅም። የሚያዳምጠው ተናጋሪው ይጠራጠር እንደሆነ ብቻ ነው። ጃፈር አንድ ቀን የጅቡቲውን ባቡር፣ «በሕግ አምላክ፣ ከፉርጎው ስር አንበሳ ተኝቷል» ብሎ ከጠዋት እስከ ቀትር አስቁሞታል። ጆሮው እንደ ጫት ቀንበጥ አረንጓዴ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ለማየት የደፈረ ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ ጋሽ መርዕድ መጣ።

«አንበሳው የታል?» አለ።

«ሰው ሲበዛበት በእግሩ ወደ ጅቡቲ ሄደ፣ ጋሽ መርዕድ። ባቡሩ ይዘገያል ብሎ።»

ጋሽ መርዕድ አልሳቀም። ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ ጃፈርም ሌላውም «አንተ» ይለዋል እንጂ፣ ከተማዋ የእሱን ያህል የምታከብረው ሰው አልነበራትም። በወጣትነቱ ባቡር ጣቢያ ሠርቷል፤ ባቡሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲሄድ ሐዲዱን በክንዱ ገፍቶ የሚያዞር ሰው ነበር። «ባቡር በመሐል አይሄድም» ይላል፤ ከዚህ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ሰባ ዓመት ሲሞላው እንኳ «ግን» ብሎ አያውቅም።

ጃፈር ሕፃን ሳለ፣ የመጀመሪያዎቹ ጆሮዎች በተተከሉ ሰሞን፣ ባቡሩ የት እንደደረሰ ላዳምጥ ብሎ ራሱን ሐዲድ ላይ አጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። መርዕድ ከሩቅ አየና «በሕግ አምላክ» አለ። ባቡሩ ሲቆም አፍንጫው የልጁን ፀጉር ነክቶ ነበር። ጃፈር ይህን ታሪክ በየጣራው ላይ አውርቶታል። ምንም ሳይጨምርበት የሚያወራው ብቸኛ ታሪኩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጆሮው ለድሬ ብዙ ሠርቶላታል። ባል ሚስቱ ላይ ዱላ ሲያነሳ ከጎረቤት አንድ ድምፅ ይመጣል፤ ዱላው አየር ላይ ይቀራል። ሀብታም የድሆችን መተላለፊያ በግንብ ሊዘጋ ሲል አንዲት አሮጊት በከዘራዋ ተደግፋ ማሽኑን ታስቆማለች። መርዕድ ራሱ የገንደ ቆሬ ሰፈርን የውሃ ጉድጓድ ሊወስዱ የመጡትን ማሽኖች ብቻውን ፊታቸው ተቀምጦ፣ እዚያው እየበላ፣ እዚያው እየተኛ፣ በጋው አልፎ ክረምት እስኪገባ አስቁሟቸዋል። ገንደ ቆሬ ዛሬም የሚጠጣው ያንን ውሃ ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው እጁን በአፉ ላይ ከመጫን በቀር ምን ይላል?

ታዲያ ጉሮሮ እንዳይበላሽ ተብሎ ጥርጣሬ ከወሬው ሁሉ ተመለመለ። እናቶች ልጆቻቸውን «ምናልባት አትበል፣ ድምፅህ ይዝጋል» ብለው ይቆጣሉ። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ የልጅቷ አባት አስቀድሞ የሚያነሳው «ለመሆኑ ድምፁ ያስቆማል?» የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ሥራ ፈትቶ የሙሸበክ ጣፋጭ መሸጫ ሆነ። «ግን» የሚያበዛ ሰው ጉንፋን እንደያዘው ተቆጥሮ ከሩቅ ሰላም ይባላል።

የጃፈር እህት ነጂማ ይህ ጉንፋን ጸንቶባታል። ሽንኩርት የምትሸጠው ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። ደቻቱ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው፣ ገበያ የሚቆምበት ወንዝ። ሽንኩርቱ ደህና ነው ወይ ሲሏት «ላይ ላዩ ደህና ነው፤ ከስር ያለውን ገና አላየሁትም» ትላለች። ለምን እንደማትከስር የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሌባ ሲሮጥ አይታ «በሕግ አምላክ» ማለት ጀምራ፣ መሐል ላይ «ምናልባት እርቦት ይሆን?» አለች። ሌባው ራሱ ዞሮ አያት።

«አንቺ እኮ ጆሮውን ታስተኚዋለሽ» ይላታል ጃፈር።

«ይተኛ። አንተ እንቅልፍ ከነሳኸው ስንት ዓመቱ ነው።»

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጃፈር በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚላት እሷን ብቻ ነበር።

ደቻቱ ባዶ ቢሆንም ክፉ አመል አለው። ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ ድሬ ላይ ፀሐይዋ እንደወጣች፣ ጎርፉ ሳይታሰብ ከች ይላል። ለዚህ ሲባል ከተማዋ ከተራራው ግርጌ ትልቅ የብረት በር ሠራች። ጎርፍ ሲመጣ በሩ በራሱ ዞሮ ደቻቱን ይዘጋና ውሃውን በአዲሱ ቦይ ወደ በረሃው ይሸኘዋል። አዲሱ ቦይ ደግሞ የሚያልፈው በአትክልት ሰፈር ነው። ሌላው ሰው ሌላ ቦታ ተሰጥቶት ተነሳ። አዴ ሩሚያ የምትባል አሮጊት ብቻ አልነሳም አለች። ባሏ የተቀበረው ማንጎዎቿ መሐል ነው።

«ውሃችሁን በእሱ ላይ ልትሰዱት ነው?» አለች ሊያነሷት የመጡትን። ሰዎቹ ምክንያት ሲደረድሩ ጋሽ መርዕድ መሐላቸው ገባ።

«እሷ እዚያ ግቢ ውስጥ እያለች ይህ በር አይዞርም» አለ። «ዋሷ እኔ ነኝ።»

ጆሮው አበራ፤ ነገሩ አለቀ። በዚያ ዘመን በየአደገኛው ማሽን አጠገብ፣ ማሽኑ ሲሳሳት የሚያስቆም አንድ ጉሮሮ ይመደብ ነበርና፣ ከተማዋ መርዕድን የበሩ ጉሮሮ አደረገችው። በሩ አጠገብ ካለው ማማ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ካለ ጆሮ ለጆሮ እየተቀባበለ ድሬን ከዳር እስከ ዳር ያቆማል። ከአዴ ሩሚያ ጋር የተስማሙበት ምልክት ቀላል ነው። ቤት ካለች ቀይ ሻሿ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ስትወጣ ታወርደዋለች። መርዕድ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ሻሽ ነው።

ነገሩ የሆነ ቀን ጃፈር የማማውን ጣራ ሊቀባ ሲወጣ በአዴ ሩሚያ ግቢ አቋረጠ። የእሷን ጣራ በቅርቡ ነበር የቀባው፤ በእሱ አባባል ጨረቃዋ ከዚያ ጣራ ብርሃን መበደር ጀምራለች። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጓዝ ትቋጥራለች።

«ወዴት ነው አዴ? ተሰደድሽ?»

«ሳቢያን፣ ልጄ ጋ። ወይም አልሄድም። ጉልበቴ የሚለውን ልስማው።»

«ጉልበትሽማ ሐረር ደርሶ ይመለሳል።»

«ዝም በል አንተ ቀጣፊ። ማንጎ ያዝና ሂድ።»

ጃፈር ማንጎውን እየጋጠ ወጣ። ሻሿ ገመዱ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ ሰሞኑን መርሳት ጀምራለች፤ ጫማዋን አድርጋ ጫማዬን አያችሁ ወይ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል።

ማማው ላይ መርዕድ ወንበሩን ከጆሮው ምሰሶ አጠገብ አድርጎ ተቀምጧል። ጃፈር ጣራው ላይ ወጥቶ ቡሩሹን ነከረ። ቁልቁል ደቻቱ አሸዋ ላይ የቅዳሜ ገበያ ሞልቶ ይታያል፤ ጥላው፣ ጆንያው፣ ግመሉ። የነጂማን ሰማያዊ ጥላ ለይቶ አየውና ከዚያ ርቀት በቡሩሹ ሰላም አላት። ደስ ብሎት ዞር ሲል ተራራውን አየ።

ሰማዩ እንደተወለወለ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። ከደንገጎ ግርጌ ግን ተራራው ራሱ ቆዳውን ጥሎ የሚሳብ ይመስል ነበር፤ ቡናማ፣ ሰፊ፣ ፊቱ ላይ ሙሉ ዛፎች እንደቆሙ የሚራመዱበት። ድምፁ ገና አልደረሰም። ጃፈር በዘመኑ ስንት ጎርፍ ፈጥሮ አውርቷል፤ ግመል ያንሳፈፈ፣ መስጊድ የዞረ፣ ከሐረር በግ ነድቶ ያመጣ። ይህኛው ከፈጠራቸው ሁሉ በለጠ። የሚጨምርበት ነገር አጣና ቡሩሹን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

ከስር የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ጮኸ። ያ የብረት በር እያቃሰተ መዞር ጀመረ። መርዕድ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ አትክልት ሰፈር ተመለከተ። ቀዩን ሻሽ አየ።

«በሕግ አምላክ» አለ። «ሰው አለ።»

ጃፈር ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሐዲዱ ላይ ያዳነው ድምፅ ነው፤ አንዲት ክር አልላላችም። አጠገቡ ያለው ጆሮ አረንጓዴ አበራ፤ ቀጥሎ ያለው አበራ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ አረንጓዴው ቁልቁል ከተማዋ ድረስ እየሮጠ ወረደ። በሩ ግማሽ ላይ ቆመ። ጡሩምባው የጀመረውን ጩኸት ዋጠ። ደቻቱ ላይ ጡሩምባውን ሰምቶ መሮጥ የጀመረው ያ ሁሉ ገበያተኛ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ሙሉ ከተማ። በጃፈር ላይ ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣበት መደነቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚችል ፍጡር ሰው መሆኑ ገረመው።

ውሃው ግን ጆሮ አልነበረውም። ይመጣል።

ጃፈር በመሰላሉ ተንሸራቶ ወረደ።

«ጋሽ መርዕድ፣ ፍታው።»

«ሻሿ አለ።»

«በሩ ግማሽ ላይ ከቀረ ውሃው በደቻቱ ነው የሚሄደው። ነጂማ አሸዋው ላይ ናት። ያ ሁሉ ሰው አሸዋው ላይ ነው።»

«እነሱ እግር አላቸው። ዳር ይውጡ።»

«በየትኛው እግራቸው? አንተ ስታቆም መቆም ነው ያስተማርካቸው። እያቸው እስኪ።»

መርዕድ አየ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የመርዕድ ድምፅ ተሳስቶ ስለማያውቅ፣ ከእሱ ድምፅ መሸሽ ለማንም አልመጣለትም።

«ሮጬ ልያት? አዴ ሩሚያን?» አለ ጃፈር።

«ቦዩ ውስጥ ሳለህ ይደርስብሃል። አትመለስም።»

ስልኩን አወጣ፤ ሙት ነው። ነጂማ ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ርቀት የጮኸው ለራሱ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና አፉን ከፈተ። አፉ የለመደውን ያውቃል።

«በሕግ አምላክ፣ አዴ ሩሚያ ወጥታለች። ጠዋት በጀርባዬ አዝዬ ሳቢያን ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልጇ ደጃፍ ላይ ሩዝ በሥጋ በልቻለሁ።»

ጆሮው ወዲያውኑ እንደገና አረንጓዴ ብልጭ አለለት። መርዕድ አረንጓዴውን አየ። ጃፈርን አየ።

«ጆሮው አምኖሃል» አለ። «ግን።»

ከዚያ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ የሰማ ጃፈር የመጀመሪያው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የዓመት ወሬ ይሆንለት ነበር።

«ግን አንተ ነህ» አለ መርዕድ። «ልጄ፣ ከሐዲድ ላይ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። እኔን አትዋሸኝ። ወጥታለች?»

ጃፈር ሰማያዊውን ጥላ አየ። ቀዩን ሻሽ አየ። አንዲት «አዎ» ብቻ ነው የቀረችው፤ በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ያለ ምንም ዋጋ የበተናት ቃል። አሮጊቷ እዚያ ተኝታ ከሆነ በዚያች «አዎ» ትሄዳለች። ማንጎው ገና ጥርሱ መሐል ነበር።

«እንጃ» አለ። ድምፁ እንደ ነጂማ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ጓዝ ስትቋጥር አይቻታለሁ። ልሄድ ነው አለችኝ፤ አልሄድም አለችኝ። ሻሿን ረስታው ሄዳ ይሆናል። ጉልበቷ እምቢ ብሏት ተኝታም ይሆናል። ወላሂ ጋሽ መርዕድ፣ አላውቅም።»

መርዕድ ፊቱ ተለወጠ። ቀጣፊ ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀው ነገር ያለው ቀጣፊ በድሬ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ አመነው። ወደ ምሰሶው ዞሮ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ፈታሁ» አለ።

ጆሮው ቀይ አበራ።

«ፈታሁ።»

ቀይ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ ደረቱን ሞላ። «ፈታሁ» ሲል ቃሉ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። ቀይ። በዘመኑ ሁሉ አንዱን ብቻ እያየ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ሻሿም ገበያውም አንድ ላይ ዓይኑ ውስጥ ገብተው ድምፁ ላይ ተቀምጠውበታል። ጆሮው እንዲህ ያለ ድምፅ አይቀበልም። የእሱን ቃል ሊፈታ የሚችል ደግሞ ሌላ ሰው የለም።

አሁን የውሃው ድምፅ ደረሰ። ድምፅ ከማለት ይልቅ መሬቱ ጥርሱን አፋጨ ማለት ይቀላል። ባልዲው ውስጥ ያለው ነጭ ቀለም ተንቀጠቀጠ።

መርዕድ መዳፎቹን ገልብጦ ተመለከታቸው።

«ከስር በእጅ የሚዞር ጎማ አለ» አለ። «መብራት ለጠፋ ቀን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«በአፌ ያስቆምኩትን በእጄ ላዞር? ቃሌ እኮ ቆሟል፣ ጃፈር። ከተማው ሁሉ ቃሌን ይዞ ቆሟል።»

«ቃልህ ይቁም። እጅህ ይውረድ።»

መርዕድ የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደና ቆም አለ። «ዋሷ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለ፤ ወረደ።

ጎማው ማማው ስር፣ አቧራ ለብሶ፣ የሸረሪት ድር አግብቶ ነበር የሚኖረው። እጅ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለ፣ እጅ እንዲቆምም ያዘዘ ሕግ ኖሮ አያውቅም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ነው ከሞተሩ ጋር ሲቆም የኖረው። ሽማግሌው በአንድ ወገን፣ ጃፈር በሌላው ወገን ያዙ። እምቢ አለ። ሽማግሌው ትከሻውን አስገባበት፤ የድሮው የሐዲድ ትከሻ። ብረቱ አንድ ጊዜ ጮኸና ለቀቀ። ልክ ነን አላሉም፣ ተሳስተናል አላሉም። ያዞራሉ። በእያንዳንዱ ዙር መርዕድ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ደም ሲወርድ ጃፈር አይቷል።

በሩ ተገጥሞ ባለቀበት ቅጽበት ውሃው መጣ። ጃፈር ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰዓት ሲጠየቅ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ያወርደዋል፣ ወሬ ይለውጣል። ማማው ዘነበለ፣ ተመለሰ። ከቤት የሚበልጥ ድንጋይ እንደ ብርቱካን እየተንከባለለ አለፈ። ውሃው በሩን መታው፤ ተናደደ፤ እንደ እንስሳ አንገቱን አዞረ፤ ከዚያ ሁሉም፣ ተራራው የጣለው ቆዳ ሁሉ፣ ወደ አዲሱ ቦይ ገባ። ፀሐይዋ ላዩ ላይ ታበራለች። አንዲት ጠብታ ከሰማይ አልወረደችም። ቀዩ ሻሽ ለአፍታ ያህል ከውሃው በላይ ተውለበለበ፤ ቀጥሎ አልነበረም።

ታች ደቻቱ ላይ አሸዋው ደረቅ ነው። አረንጓዴው አሁንም እንደበራ ነው፤ መርዕድ ሊፈታው አልቻለምና። ሞተሩ ሁሉ ሞቷል። ገበያተኛው ግን ውሃው ወደ ቦዩ ታጥፎ ሲያልፍ አየ። መጀመሪያ አንድ ሰው ያነሳውን እግር አወረደ። ዞር ዞር ብሎ የሚቆጣው እንዳለ አየ። ከዚያ ሌላው አወረደ።

ውሃው ጎደል ሲል ሁለቱ ወደ አትክልት ሰፈር ወረዱ። ሰፈር የለም። ጭቃ ነው፤ እስከ ጉልበት፣ ገና የሚተነፍስ ጭቃ። ከማንጎዎቹ ሁለት ትልልቆቹ ብቻ ቀርተዋል። በሁለቱ መሐል አንድ ነጭ ጣራ፣ ከነእንጨቱ፣ እንደ ጀልባ ተንሳፎ መጥቶ ተሰክቷል። ጣራው ላይ አዴ ሩሚያ ጓዟን ታቅፋ ተቀምጣለች። ይህን ያወራው ጃፈር አይደለም፤ ሳይቀንሱ መቀበል ይቻላል።

«ዋሴ» አለች መርዕድን ስታይ።

መርዕድ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። «ሰበርኩት» አለ። «እያወቅሁ ነው የሰበርኩት።»

«ጎማውን እኔም ገፍቻለሁ» አለ ጃፈር።

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ተኝቼ ነበር» አለች። «ጣራው ሲነሳ ነው የነቃሁት፤ ውሃው ራሱ ላዩ ላይ አወጣኝ።» ከዚያ በጣቷ እየጠቆመች ጭቃውን ቀስ ብላ ዞረችው። «ሰውዬዬ የት ጋ ነበር? አሳዩኝ።»

ሁለቱም አዩ። ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚያሳያት አልነበረም።

ጃፈር በጀርባው አዝሎ አወረዳት፤ ጠዋት አዘልኳት ብሎ የዋሸውን አሁን በእውነት አዘላት። ደረቁ መሬት ላይ ሲያስቀምጣት የሽርጡን ጫፍ ያዘች። የመርዕድን ሸሚዝ ጫፍ ስባ ከሽርጡ ጋር ቋጠረችው። የነጠላዋን ጫፍ ደግሞ ከሁለቱ ጋር አሰረች።

«ምን እየሆንሽ ነው አዴ?» አለ ጃፈር።

«ድሮ ሰው ሲካሰስ ልብሱን እንዲህ ይቋጥርና፣ መንገድ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ፍረድልኝ ይል ነበር። እናቴ ናት የነገረችኝ። ያ ብረት አይደለም የሚፈርደው፤ ሰው ነው። ተነሱ።»

ሦስቱ ተቋጥረው ወደ ከተማው ሄዱ። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይጎተታል። መንገዱ ላይ ሲሮጥ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነጂማ ነበረች፤ ጫማዋ አንድ እግር ብቻ፣ እጇ ላይ ያልጣለችው ሽንኩርት። ወንድሟን ልታቅፍ ስትል ቋጠሮው ያዛት።

«በምን ታሰራችሁ?»

«ዳኛችን አንቺ ነሽ» አለች አዴ ሩሚያ።

«እኔ አልሆንም። ወንድሜ ነው። እኔም በዚያው በር ነው የተረፍኩት። ለእነሱ አላደላም ብዬ መማል አልችልም።»

«ይህን ካልሽ ትሆኛለሽ» አለች አሮጊቷ። ከዚያ ነገሯን አስረዳች። ዋስ ነኝ ያላት ሰው በገዛ እጁ ውሃ ሰደደባት። ቤቷ፣ ዛፏ፣ የባሏ መቃብር ሄደ። መርዕድም የራሱን አስረዳ፤ ራሱን የሚከላከል ነገር አልጨመረም። ጃፈርም እንጃ ያለባትን ሰዓት ተናገረ። ሲናገሩ ከገበያው ሰው እየወጣ መጥቶ ከበባቸው፤ እናት ልጇን አዝላ፣ ግመል ነጂው ግመሉን እየሳበ። ሁሉም በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ያንን ደግሞ አዴ ሩሚያ አንድ በአንድ አየች።

«እንግዲህ ፍረጂ» አለች። «ልክ ሠርተዋል ወይስ በድለውኛል? አንዱን በይ።»

ነጂማ ሕዝቡን አየች። ከኋላ ያለውን የጭቃ ሜዳ አየች። መንገዱ ዳር የቆመው ጆሮ አረንጓዴ እንዳበራ ጎንበስ ብሎ የሚጠብቅ ይመስላል። አንድ ጎልማሳ «በይ እንጂ፣ ቁረጪ» ሊል አፉን ከፍቶ፣ የአሮጊቷን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

«እንጃ አዴ» አለች ነጂማ። «ቁጭ በሉ። ላስብበት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አዴ ሩሚያ ቋጠሮውን ሳትፈታ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አብረዋት ተጎትተው ተቀመጡ። ከፊት ያለው ሰው ተቀመጠ፣ ከኋላው ያለው ተቀመጠ፤ መቀመጡ እየተቀባበለ ቁልቁል እስከ አሸዋው ወረደ። ባቡር የለም፣ ማራገቢያ የለም፣ ስልክ የለም። የሚሰማው የግመል ማኘክ ብቻ ነበር። ጃፈር በዚህ ላይ የሚጨምርበት አላጣም። አልጨመረም።

አሮጊቷ ጓዟን ፈታ አደረገችና ከውስጡ አንድ ማንጎ አወጣች።

«እያሰብሽ ብዪ» አለች። «ሌላ የለም።»

ነጂማ ማንጎውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አልገመጠችውም። ድሬ ተቀምጣ ጠበቀቻት።